እሁድ የተመሰከረለት መጋዝ

እስቲ ቁጭ በሉና ስሙኝ። ሥራ ከያዛችሁም እየሠራችሁ ስሙኝ፤ እኔም የምጽፈው ምስር እየለቀምኩ መሃል መሃሉን ነው። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ገና ያልሆነን ነገር ሆኗል ብላችሁ ተናግራችሁ ታውቃላችሁ? ለጎረቤት ማለቴ አይደለም። በጉባኤ ፊት፣ ማይክ ይዛችሁ፣ ሕዝቡን ሃሌሉያ አስብላችሁ? የኔ ባል አድርጎታል። የጥፋቱ ግማሽ ግን የኔ ነው፤ ያን አልደብቃችሁም።

ባሌ ሥዩም ይባላል። ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ እንጨት መሰንጠቂያ ድርጅት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ዛፍ ይጥላል፣ የሞተር መጋዝ ይፈታል፣ ይገጥማል። ደርግ ሲመጣ ድርጅቱ ተወረሰ። ጸሎት ቤታችንም ታሸገና የቀበሌ እህል መጋዘን ሆነ። ነገሩ እየከፋ ሲሄድ በሞያሌ ወጥተን ናይሮቢ ገባን። አሁን ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነን። ይሄ የማወራችሁ ነገር የሆነው ዘንድሮ፣ በሰባ ስምንት የካቲት ላይ ነው።

ልጆቻችን ደርሰዋል። የሺወርቅ ሁርሊንግሃም ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት ትሠራለች። ዘርይሁን ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል፤ በማታቱ፣ በኬንያዎቹ ታክሲ፣ እየመጣ የቆሸሸ ልብሱን እኔ ላይ ጥሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ሚስት ያገባና እገላገላለሁ። ብቻ ሁለቱም ሥራ አላቸው። ሥዩም ግን ወረቀት የለው፣ ስዋሂሊ አይገባው። ጠዋት ይነሳል፣ ጫማውን ይጠርጋል፣ ይለብሳል፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። በቃ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጫማ ጠርጎ ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያለው ሥራ አንድ ነው፦ እሁድ እሁድ የምናመልክበት አዳራሽ ውስጥ ወንበር መደርደርና ሰው ማስቀመጥ። እሷን አገልግሎት በሕይወቱ አይለውጣትም። እኔም ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ሰው እጁ የሚያውቀውን ሥራ ስጠው አልኩ። ጌታም የሰጠው የበር ማስደገፊያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ሀምዱ የሚባል የሞያሌ ልጅ ሱቅ አለው፤ ምንጣፍም ባትሪም ድስትም ያለበት። ሥዩም ጄኔሬተሩን ሊያይለት ሄዶ፣ የመጋዘኑ በር እንዳይዘጋ አንድ አሮጌ የሞተር መጋዝ ተገትሮ ያያል። ኬንያዎቹ ፓወርሶ የሚሉት ነው።

"ሀምዱ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"በር ማስደገፊያ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ይሠራል?"

"ወላሂ በደንብ ይሠራል! በሩ አንድ ቀን ተዘግቶብኝ አያውቅም።"

ለጄኔሬተሩ ድካም መጋዙን ሰጠው። ሥዩም ከኢስሊ እስከ ሳውዝ ሲ በሁለት ማታቱ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎት መጣ። ሱሪው የጠቆረውን እስከ ዛሬ አላስለቀቅኩትም።

እኛ ጓሮ የለንም፤ ያለችን ልብስ የምናሰጣባት ሲሚንቶ ናት። ስለዚህ የወጥ ቤት ጠረጴዛዬን ወረሰ። ደርግ እንኳን ጠረጴዛዬን አልወረሰም። መጋዙን ፈታትቶ እያንዳንዷን ቡሎን በእንቁላል ካርቶን ጉድጓድ ውስጥ በተራ በተራ አስቀመጠ።

"እንዳትነኪ" ይለኛል።

"ቁርስ የት ላቅርብ?"

"ቁርሱ ይቆያል።"

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ልጆቼን ያሳደግኩት በቡሎን አይደለም!"

ካርቡሬተሩን፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያቀላቅለውን ማለቴ ነው፣ በሰላጣ ሳህኔ ቤንዚን ሞልቶ አጠበው። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በልብስ መርፌዬ ወጋጋ። ፒስተኑን በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፤ የማን ብሩሽ እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። ከሲሊንደሩ ሥር ገብቶ አየር እንዳያልፍ የሚያደርገውን ጓርኒሲዮን ባለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ካርቶን ላይ ለክቶ በመቀሴ ቆረጠ። ከወጥ ቤቴ ያልተወሰደ በርበሬው ብቻ ነው። ግን ሰውዬው ያፏጭ ጀመር! እየሠራ ያፏጫል፣ እየበላ ስለ ካንዴላ ያወራኛል። በዚያው ሰሞን ሻይ ጥዶ እየረሳ ሁለት ማንቆርቆሪያ አቃጠለብኝ። አእምሮው መጋዙ ላይ ስለሆነ ነው ብዬ ለነፍሴ ነገርኳት።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ሲሚንቶው ላይ አውጥቶ ገመዱን ሳበ። ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ የሲኒ ያህል ብቻ ነው የጨመረለት። አንዴ ሳበ፣ ሁለቴ ሳበ፤ አሥራ አንደኛው ላይ ተነሳ! ጭሱ የተሰጣውን አንሶላ ሁሉ አለበሰው። ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ፣ ማለቴ በዝግታ፣ ዱክ ዱክ እያለ ሠራና ቤንዚኑ አልቆ ቆመ። ሥዩም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም አላየሁም አልኩ።

"ነገ ትመሰክራለህ" አልኩት።

"ኧረ ገና ነው። በሙሉ ጉልበት አልሞከርኩትም፣ ካርቡሬተሩም አልተስተካከለም።"

"ጌታ በር ማስደገፊያ አስነስቶልህ ዝም ልትል ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ የሌላውን ምስክርነት ስትሰማ ኖርክ፤ ነገ ያንተን ይስሙ!"

አያችሁ? ግማሹ የኔ ነው ያልኳችሁ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ምስክርነት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን ቪዛ ወጣልኝ ብሎ መሰከረ። ጸልየን፣ አልቅሰን፣ ሻንጣ ገዝተን ሸኘነው። በሳምንቱ እሁድ ያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተገኘ፤ ሻንጣውን ግን አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌያችን ጋሽ ዓለሙ መመሪያ አወጡ፦ ያልተደረገን ነገር ተደረገ ብሎ የመሰከረ ሰው ሦስት ወር ከማንኛውም አገልግሎት ይታገዳል። ጋሽ ዓለሙ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። መመሪያ ይወዳሉ።

እሁድ ሥዩም ማይኩን ያዘ። መጀመሪያ ላይ በልኩ ነበር። "የሞተ ሞተር ነበር፣ ጌታ ረድቶኝ ተነሳ" አለ። ሕዝቡ ሃሌሉያ አለ። እሱም ሞቅ አለው። "እንደ አዲስ ነው የሚሠራው!" አለ። ሃሌሉያ! በሦስት ደቂቃ ሚኒሞ እንደ አዲስ። እኔ መቀመጫዬ ላይ መቁነጥነጥ ጀመርኩ። እሱ ደግሞ እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። አዳራሹን የሚያውሱን ኬንያዎች ግቢ ውስጥ አንድ የደረቀ ባህር ዛፍ አለ፤ ወደ ጣሪያችን ዘንበል ብሎ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር በጸሎት መሃል ቀና ብለን እናየዋለን። "ያን ዛፍ" አለ ሥዩም፣ "የፊታችን ቅዳሜ በዚህ መጋዝ እጥለዋለሁ!" ያን ቀን የተባለው ሃሌሉያ ሞምባሳ ሮድ ድረስ ተሰምቷል።

ጋሽ ዓለሙ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። "ቅዳሜ፣ በስንት ሰዓት?" አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሊያስተካክለው ወጣ። ካርቡሬተሩ ላይ ሁለት ትንንሽ ቪቴዎች አሉ፤ አንዷ ለዝግታው፣ አንዷ ለሙሉ ጉልበቱ። በካቻቢቴ ስታጠብቋቸው ቤንዚኑ ያንሳል፣ ስታላሏቸው ይበዛል። ሰው የሚያስተካክላቸው በዓይኑ አይደለም፣ በጆሮው ነው። ሥዩም ሙሉ ጉልበት ሰጠው፣ የጉልበቱን ቪቴ አጠበቀ። መጋዙ ቀጠነ። ደግሞ አጠበቀ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ፤ ድምፁ እንደ መርፌ ሆኖ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ከዚያ ቀጥ! ጸጥ አለ።

ስወጣ ገመዱን ይስባል፤ ገመዱ አይንቀሳቀስም። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ተጣብቋል።

"እንዴት እንደዚያ እስኪጮህ ዝም ትላለህ?" አልኩት።

"የቱ ጩኸት?"

"ያ ቀጭኑ! የጎረቤት ውሻ እንኳን አልጋ ሥር ገባ እኮ!"

"ምንም አልጮኸም። እንዲያውም የደከመ መስሎኝ ነው ያጠበቅኩት" አለ። ቀጥ ብሎ አየኝ፤ አይዋሽም፣ አውቀዋለሁ። ከዚያ ጭንቅላቱን ይዞ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። "አስካለ፣ የዚህ ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚመጣው። ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል፣ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ይነክሳል። ይሄንን እኮ ለስንት ልጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሐሰት ምስክር ሆንኩ ማለት ነው። ዓለሙ ወንበሮቹን ይወስድብኛል።"

ወንበሮቹን አለ። ዛፉን አላለም፣ መጋዙን አላለም።

እኔ ግን ወደ ምድጃው አየሁ። ምድጃው ላይ ሦስተኛው ማንቆርቆሪያ አለ፤ የሺወርቅ የገዛችው፣ ውኃው ሲፈላ የሚያፏጨው። የሚያፏጭ የገዛችው አባቷ እንዳያቃጥለው ብላ ነው። እና ባለፈው ሐሙስ ይሄው ሰውዬ አጠገቡ ተቀምጦ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ፣ ሲያፏጭ፣ እኔ ከመኝታ ቤት ሮጬ መጥቼ ነው ያጠፋሁት። ያን ቀን ተቆጣሁት። አሁን ገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የመጋዝ ጩኸት ጆሮው ሥር! ወፍራሙን ይሰማል፤ የኔን ቁጣ ይሰማል፣ የጋሽ ዓለሙን ስብከት ይሰማል። ቀጭኑ ነው የጠፋበት። ምንም አላልኩትም። ይሄን የመሰለ ነገር እንዴት ይነገራል? ጸለይኩበት።

ማክሰኞ ሀምዱ ጋ አስደወልኩ። አንድ ፒስተን ከነፋሻው፣ ፋሻ የሚሉት በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ነው፣ ከአሮጌ ዕቃ መሃል ፈልጎ አገኘ። ረቡዕ ዘርይሁን ከሥራ ሲወጣ ተቀብሎት መጣ፣ ከነመልእክቱ፦ "ሀምዱ 'ከዚህ ሌላ በናይሮቢም በሞያሌም የለም፤ ይሄንንም ካቃጠሉት በር ማስደገፊያዬን ይመልሱልኝ' ብሏል፣ ማሚ። ሂ ወዝ ሲሪየስ።"

ያኑ ማታ ሥዩም ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈውን የፒስተን ብረት በሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ በጥጥ እያስነካ አስለቀቀው፣ ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያዞረ እያዞረ አለሰለሰው። እጁ ወርቅ ነው፣ እውነት ለመናገር። ፒስተኑን ዘይት ቀብቶ ሲያስገባው እንደ ቅቤ ገባ። ካላንደሩም ሌላ ጓርኒሲዮን ወጣለት፤ ሰኔን በላው።

"አሁን አስተካክለዋለሁ" ብሎ ካቻቢቴውን አነሳ።

"ቆይ። እኔ ላዳምጥልህ" አልኩት።

"አንቺ?"

"መዘምራን የማሠለጥነው እኔ አይደለሁ? አንዷ ልጅ ከሠላሳ ሰው መሃል ድምፅ ስታበላሽ የማውቀው እኔ አይደለሁ?"

"መጋዝ መዘምራን አይደለም፣ አስካለ። ሃያ ሁለት ዓመት ያዳመጥኩትን ሞተር አንቺ ልታዳምጪልኝ? ተይ እስቲ።"

ተነሳሁና ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ተመልሼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ስለ የሺወርቅ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ጎረቤት አወራሁት። ማንቆርቆሪያው ከጀርባው ነው። ፈላ። አፏጨ። እኔ ማውራቴን ቀጠልኩ። ጨመረ፣ ቤቱን ሞላው፤ ሥዩም ቪቴውን እያጸዳ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይለኛል። ጨክኜ ተቀመጥኩ።

እኛ ጋ ሊያድር የቀረው ዘርይሁን ከመታጠቢያ ቤት ሳሙና ፊቱ ላይ እንዳለ ሮጦ መጣ። "ዳዲ! ኬትሉ! ካንት ዩ ሂር ኢት? ቤቱ ሊቃጠል ነው እኮ!"

ሥዩም ዘወር አለ። እንፋሎቱን አየ። ልጁን አየ። ከዚያ እኔን፣ ንቅንቅ ያላልኩትን፣ አየኝ። ዘርይሁን ምድጃውን አጠፋ።

"መቼ ነው ማፏጨት የጀመረው?" አለ ሥዩም ቀስ ብሎ።

"ስለ ሽንኩርቱ ሳወራህ።"

ካቻቢቴውን በመሃረብ ጠረገ፣ ንጹሕ የነበረውን። "እና ወፎቹ" አለ፣ "ናይሮቢ ወፍ የላትም እላችሁ አልነበር?"

"አለ፣ አባዬ" አለ ዘርይሁን፣ በአማርኛ ብቻ። "ጠዋት ጠዋት ብዙ አለ።"

ሥዩም ራሱን ነቀነቀ። ድንገት ደግሞ ሳቀ። "ሁለት ማንቆርቆሪያ!" አለ። "አንቺም ዝም ብለሽ ልብህ አገር ቤት ነው ስትይኝ ኖርሽ!" ከዚያ መጋዙን ወደኔ ገፋ አደረገው። "ግን ሞተሩ ሲሠራ ብትጮሂም አልሰማሽም።"

"ለምን እጮኻለሁ? እጅ የለኝም?"

ይሄን እናንተ ላትረዱት ትችላላችሁ፤ እሱ ግን ወዲያው ገባው። አገር ቤት ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ በየቤቱ ተደብቀን ነበር የምንዘምረው። የቀበሌ ጠባቂ በመስኮት ሥር ስለሚያልፍ የመዘምራን መሪ በአፏ አትናገርም። ሁሉ ነገር በእጅ ነበር። መዳፌን ወደ ታች ስጫን፣ ድምፅ ዝቅ። መዳፌን ገልብጬ ሳነሳ፣ ድምፅ ከፍ። ቡጢ ስጨብጥ፣ ዝም፣ ሰው መጣ! አምስት ዓመት እንደዚያ ዘምረናል። ሥዩም በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቅ ነበር፤ እጄን ከማንም በላይ የሚያነበው እሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እሱ መጋዙ ላይ ጎንበስ አለ፣ እኔ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆምኩ። ሙሉ ጉልበት ሰጠው። ቀጥኖ ሲሄድ መዳፌን ተጫንኩ፤ ቪቴውን አላላ። አሁን ደግሞ አፉን በሽሮ የሞላ ሰው ሆነ፣ ብልቅ ብልቅ፤ መዳፌን አነሳሁ፤ አጠበቀ። ትንሽ። ደግሞ ትንሽ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ መጣ፤ ጠንካራ ድምፅ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚንተባተብ። ሥዩም በፊት እንዲህ ብሎ ነግሮኛል፦ በባዶ ትንሽ ተንተባትቦ እንጨት ሲነካ ከጠራ፣ እሱ ነው ልኩ። ለሙከራ ያመጣት ጉማጅ እንጨት ላይ አስነካው። ጠራ! ልክ የመዘምራን ልጆቹ ሁለት ሰዓት ሲያበላሹ ቆይተው ድንገት አንድ ላይ ሲገጥሙ እንደሚሆነው። አላስቻለኝም፣ እልል አልኩ። እሱም እልልታዬን አልሰማም፤ አፌን አይቶ ሳቀ።

ቅዳሜ ግቢው ሞልቷል። ሥዩም መጀመሪያ ዛፉን ሦስት ጊዜ ዞረው። ረጅም ገመድ ከላይ አሳሰረና ስምንት ወንዶች ከጣሪያው በተቃራኒ በኩል እንዲይዙት አደረገ፤ ዛፉ ከሚደርስበት ርቀው። ሳሩ ላይ አንድ ካስማ ተከለ። "እዚህ ላይ ነው የሚተኛው" አለ። እኔን ደግሞ ከፊቱ ራቅ አድርጎ፣ ዛፉ በማይመጣበት በኩል አቆመኝ። ነጭ ሻሽ አስሬ፣ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

"እህት አስካለ" አሉ ጋሽ ዓለሙ ደብተራቸውን ይዘው፣ "ልታዘምሪ ነው እንዴ? መዘምራኑ የታሉ?"

"ያውና፣ ጋሽ ዓለሙ" አልኩ፣ መጋዙን እያሳየሁ። "አንድ ብቻ ነው፣ ግን ያስቸግራል።"

መጋዙ ተነሳ። ሥዩም መጀመሪያ ዛፉ በሚወድቅበት ጎን ጥርስ አወጣለት፣ እንደ ሐብሐብ ቁራጭ። ከዚያ በጀርባው በኩል ገባ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግንዱ ውስጥ ጠርቶ ይሄዳል። እንጨቱ ግን ደረቅ ነው፣ እንደ ድንጋይ፤ ካሰበው በላይ ቆየ። ግማሹን አልፎ ሲሄድ ሰማሁት። ቀጠነ። ጫፉ ላይ የነበረው መንተባተብ ጠፋ። ያ መርፌ ድምፅ፣ የሰኞው፣ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

መዳፌን ተጫንኩ። አያየኝም። ቡጢ ጨበጥኩ። ዓይኑ ግንዱ ላይ ነው። "ሥዩም!" ብዬ ጮኽኩ፤ ለማን ነው የምጮኸው? መሮጥ ደግሞ ወደ ዛፉ ነው፤ አይሆንም። የመጨረሻው ፒስተን! ወንበሮቹ! ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ጫማዬን አወለቅኩና ወረወርኩት።

ትከሻው መሃል መታሁት። ሠላሳ ሰው ያያል። ሥዩም ደንግጦ የመጋዙን ጉልበት ቀነሰ፣ መጋዙም በሚኒሞ ዱክ ዱክ አለ። ዘወር ሲል እኔ በአንድ እግር ቆሜ፣ ቡጢዬ በአየር ላይ ነው። አጠፋው። የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ክዳን ፈታና አዘንብሎ አየ። ጠብ የምትል የለችም። ለካ ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ነው የቀጠነው! ሌላ ሠላሳ ሰከንድ ቢሄድ ኖሮ እንደ ሰኞው ይሆን ነበር።

"ይሄም በጸሎት ነው የሚደረገው?" አሉ ጋሽ ዓለሙ፣ ጫማዬን በሁለት ጣት ይዘው እያመጡልኝ።

"አይ፣ በጫማ ነው" አልኳቸው። ምን ልበል?

ሥዩም ሞላው፣ አስነሳው፣ እኔም መዳፌን በልኩ ዘረጋሁለት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ዛፉ ቋ አለ፣ ወንዶቹ ሳቡ፣ ሥዩም ወደ ኋላ ራቀ፤ ዛፉም ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ወደ አልጋው፣ ተኛ። ካስማውን በሁለት ስንዝር ሳተው። ሥዩም እስከ ዛሬ በሁለቷ ስንዝር ይናደዳል።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሁድ ግን ሥዩም ማይኩን ደግሞ ያዘ።

"ወንድሞችና እህቶች" አለ፣ "ባለፈው እሁድ መጋዙ እንደ አዲስ ይሠራል ብዬ መሰከርኩ። ያኔ የሠራው ሦስት ደቂቃ ነው። ሰኞ አቃጠልኩት። ከእሁድ እስከ ሐሙስ የሐሰት ምስክር ነበርኩ ማለት ነው። ያቃጠልኩት ጆሮዬ ስለማይሰማ ነው። ቀጭን ድምፅ ከተወኝ ቆይቷል። ደብቄያችሁ አይደለም፤ የማይሰማውን ነገር ሰው እንዴት ያውቃል? መጋዙን ያስተካከለችው አስካለ ናት፣ በእጇ። እንዳያችሁት በጫማዋም።" ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "ወንድም ዓለሙ ሦስት ወር ካሉኝ፣ እቀበላለሁ።"

ጋሽ ዓለሙ ተነሱ። ደብተራቸውን ገለጡ፣ አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። በዚያች ቀጭን ድምፃቸው፣ ስሜት ሲይዛቸው የምትመጣው፣ "እዚህ የተጻፈው ዛፉ ቅዳሜ ይወድቃል የሚል ነው" አሉ። "ቅዳሜ ወድቋል። ደግሞስ ወንበሮቹን ማን ሊደረድርልኝ ነው? ተቀመጥ፣ ወንድሜ።"

ሥዩም ወደ እኔ አየ። ምን አሉ? ይላል ዓይኑ።

መዳፌን ወደ ታች ተጫንኩለት። ተቀመጠ።

ሕዝቡ ሃሌሉያ ሊል አፉን ሲከፍት ቡጢ ጨበጥኩ። ከአገር ቤት የመጡት ወዲያው ዝም አሉ፤ ልጆቹም እነሱን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ መዳፌን ገልብጬ አነሳሁ። አዳራሹ ሙሉ እጅ ተነሳ፣ ያለ ምንም ድምፅ። ሥዩም ያየውን ሃሌሉያ በደንብ ሰማው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የሰው ጄኔሬተር አለ፣ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ የኬንያዎቹ ቤተ ክርስቲያን የሣር ማጨጃ። እሱ ይፈታል፣ እኔ አዳምጣለሁ፣ ቁርስ የምንበላው ቆመን ነው። የሀምዱ በር በድንጋይ ተደግፏል።

እንግዲህ ወደ ሳውዝ ሲ ከመጣችሁ እኛ ጋ ሳትገቡ እንዳታልፉ። እኔ ገበያ ሄጄ ከሆነ ግን በሩን አትደብድቡ፣ ዋጋ የለውም። እባካችሁ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ዞራችሁ እጃችሁን ከፍ አድርጉለት።